ጠብመንጃው ምን ይጐርሳል?

በይፋት መንገድ ያለፈው የጠብመንጃና የጥይት ታሪክ

(ከ12ኛ ክፍል ተማሪ)



ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ በታዘዝኩ ጊዜ፣ ስለ ምን ልጻፍ እያልኩ ብዙ ቀን አሰብኩ። በመጨረሻ መልሱን ያገኘሁት ከቤታችን ነው። እዚሁ ጀውሃ፣ ከአያቴ ቤት ምሰሶ ላይ፣ በሕግ የተመዘገበ አንድ አሮጌ ውጅግራ ተሰቅሎ ይኖራል። ሰደፉ በጭስ ጠቁሯል፤ ብረቱ ግን በዘይት እየታሸ ስለሚኖር ዛሬም ያበራል። ለአያቴ ከአባታቸው በውርስ የደረሰ ነው። እኔም በልጅነቴ ርዝመቱንና ክብደቱን እያየሁ እደነቅ ነበር። አንድ ቀን «አባባ፤ በዚህ ጠብመንጃ ለምን አይተኩሱበትም?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፤ ጠብመንጃ ስታይ መጀመሪያ ምን ይጐርሳል ብለህ ጠይቅ። ይህ የሚጐርሰው ከጠፋ ብዙ ዘመኑ ነው» ሲሉ መለሱልኝ።

ያን ጊዜ ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። በኋላ ግን ታሪክ እያነበብኩ ስሄድ፣ የአያቴ ጥያቄ የአንድ ቤት ጥያቄ ብቻ እንዳልሆነ ተረዳሁ። ነገሥታትም ጠይቀውታል፤ አርበኞችም ጠይቀውታል፤ ዛሬም አዳኝ ወይም ኢላማ ተኳሽ የሆነ ሰው ሁሉ ይጠይቀዋል። ጠብመንጃ መምረጥ ማለት ጥይቱን መምረጥ ማለት ነውና። ይህንም ለማስረዳት ከራሳችን አገር ከይፋት የሚጀምር ታሪክ አለን።

በአገራችን ነፍጥ በጦር ሜዳ ስሙ የገነነው በ16ኛው መቶ ዓመት ነው። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ከኦቶማን ቱርኮች ነፍጠኞችን አስመጡ፤ በ1533 ዓ.ም. ደግሞ በክሪስቶፈር ዳ ጋማ የሚመሩ 400 ፖርቱጋሎች ከምጽዋ ወደ ደጋው ወጡ። የዚያ ዘመን ነፍጥ በእሳት ክር የሚለኰስ፣ ከአፈሙዙ ባሩድና አረር የሚጐርስ ነበር። ለመሙላት ጊዜ ይፈጃል፤ ዝናብም ያበላሸዋል። ይሁን እንጂ አንድ ትልቅ ጥቅም ነበረው፤ ምግቡ ከአገር ውስጥ ይገኝ ነበር። እርሳሱን ባለቤቱ ራሱ አቅልጦ አረር ያደርገዋል። ባሩዱም የሚሠራው ከአፈር ከሚወጣ የባሩድ ጨው፣ ከከሰልና ከድኝ ነው። ለሸዋ ድኝ ይመጣ የነበረው ከይፋት በታች በአዋሽ ሸለቆ ካለው ከዶፋን ተራራ ነበር። ስለዚህ የነፍጡ ብረት ከውጭ ቢመጣም፣ የሚጐርሰውን ግን የራሳችን ቆላ ያበላው ነበር ማለት ይቻላል።

ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ሸዋን የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ነፍጥን እጅግ ይወዱ ነበር። በ1833 ዓ.ም. ክረምት ካፒቴን ኮርንዋሊስ ሃሪስ የሚባል የእንግሊዝ መልእክተኛ ከታጁራ ተነሥቶ፣ የአፋርን በረሓ አቋርጦ፣ አዋሽን ተሻግሮ፣ በይፋት ጠረፍ በፋሬ ኬላ በኩል ወደ አንኮበር ወጣ። ለንጉሡም ካመጣው ገጸ በረከት ውስጥ ጠብመንጃና መድፍ ይገኝበታል። ይህ ሰው ከመምጣቱ በፊት በደቡብ አፍሪቃ በአደን የታወቀ፣ ስለ አደኑም እ.ኤ.አ. በ1839 መጽሐፍ ያሳተመ ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላም ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር በዚያው በታጁራ መንገድ ተመላልሶ ከሣህለ ሥላሴ ጋር የወዳጅነት ውል ተዋውሏል። ዛሬ ከጀውሃ ወደ ደቡብ ብንጓዝ የምናገኛቸው እነፋሬና አልዩ አምባ በዚያ ዘመን የባሕሩ ንግድ በር ነበሩ። ጠብመንጃው በዚያ መንገድ ወደ ላይ ይወጣል፤ የዝሆን ጥርሱና ሌላው ሸቀጥ ደግሞ በዚያው መንገድ ወደ ታች ይወርዳል።

ከዚህ በኋላ ጠብመንጃ ሁለት ጊዜ ጠባዩን ለወጠ። መጀመሪያ የእሳቱን ክርና ባልጩቱን ትቶ በካፕሱል መተኰስ ጀመረ። ካፕሱል የምትባለው በመዶሻ ስትመታ እሳት የምትሰጥ ትንሽ የመዳብ ቆብ ናት። ይህች ትንሽ ነገር በአገራችን አንጥረኛ የምትሠራ አልነበረችም። ባሩድና እርሳስ የተትረፈረፈለት ሰው እንኳ ካፕሱል ካለቀበት ጠብመንጃው ዱላ ይሆንበታል። ሁለተኛው ለውጥ ከፊተኛው ይብሳል። ባሩዱ፣ አረሩና ካፕሱሉ ሦስቱም በአንድ የናስ ቀለህ ውስጥ ተሰብስበው ጥይት ሆኑ፤ ጠብመንጃውም በአፈሙዙ መጉረሱን ትቶ በኋላው መጉረስ ጀመረ። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላ በዘመቱ ጊዜ የያዙት ስናይደር የሚባለው እንዲህ ያለ ጠብመንጃ ነው፤ ሕዝባችንም ስሙን በራሱ አፍ ለውጦ ሰናድር አለው። በ1868 ዓ.ም. ደግሞ አፄ ዮሐንስ በጉንደትና በጉራ የግብጽን ጦር ድል ባደረጉ ጊዜ ብዙ ሬሚንግተን ተማረከ። ጠብመንጃው ፈጣንና ብርቱ ሆነ፤ ነገር ግን መራጭ ሆነ። ከእንግዲህ ያገኘውን ሁሉ አይጐርስም፤ የራሱን ልክ ብቻ ይጠይቃል።

ይህን ለውጥ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየን በይፋት በኩል የወጣ አንድ የግመል ቅፍለት ነው። አርቱር ራምቦ የሚባለው ፈረንሳዊ በወጣትነቱ ታላቅ ባለቅኔ ነበረ፤ በኋላ ግን ቅኔውን ትቶ በዓደንና በሐረር ነጋዴ ሆነ። በ1878 ዓ.ም. ላባቱ ከሚባል የአገሩ ሰው ጋር ተሻርኮ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ጠብመንጃ ሊሸጥ ታጁራ ወረደ። ጭነቱ 2,040 የካፕሱል ጠብመንጃና 60,000 የሬሚንግተን ጥይት ነበር። አንባቢ ሆይ፤ እዚህ ላይ ቆም ብለህ አስተውል። ጥይቱ የመጣው ከጠብመንጃው ጋር ነው፤ ጠብመንጃው ግን ያን ጥይት አይጐርስም። ራምቦ ራሱ ለቤተ ሰቡ በጻፈው ደብዳቤ፣ እነዚያ ጠብመንጃዎች ከ40 ዓመት በፊት ከአገልግሎት የተጣሉ መሆናቸውን፣ በአውሮፓ በ7 ወይም በ8 ፍራንክ እንደሚገኙና በሸዋ ግን በ40 ፍራንክ ገደማ እንደሚሸጡ ሳይሸሽግ ገልጿል።

ነገሩ ግን እንዳሰበው አልሆነለትም። በታጁራ አንድ ዓመት ያህል ተጉላላ፤ ባልንጀራው ላባቱ ታሞ ሞተ። በመጨረሻ ራምቦ ብቻውን በ1879 ዓ.ም. መጀመሪያ ተነሥቶ፣ በበረሓው አራት ወር ያህል ተጉዞ፣ በይፋት በኩል አንኮበር ገባ። ንጉሡ በዚያ አልነበሩም፤ በጨለንቆ ድል አድርገው ሐረርን ይዘው ነበርና እንጦጦ ድረስ ሄዶ ጠበቃቸው። ምኒልክ ሲመለሱ ከሐረር ምርኮ መድፍ ሳይቀር ይዘው ነው። እንዲህ ላለ ንጉሥ የ40 ዓመት የካፕሱል ጠብመንጃ ምን ያደርግለታል? ዕቃው ሁሉ በጅምላ በ14 ሺህ የማርያ ቴሬዛ ብር ገደማ ተቈረጠ፤ ከዚያም በኪራይና በላባቱ ዕዳ ስም ተቀናንሶ ራምቦ ራስ መኰንን ሐረር ላይ እንዲከፍሉት የታዘዘለት 9 ሺህ ብር ያህል ብቻ ሆነ። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ታሪክ የባለቅኔው መከራ አድርገው ይተርኩታል። እኔ ግን ከሌላ ወገን አየዋለሁ። በዚያን ጊዜ የሸዋ ሰው ጠብመንጃ መምረጥን ተምሮ ነበር። ገዢው ብረቱን ብቻ አይቶ የሚደነቅ አልነበረም፤ ምን ይጐርሳል ብሎ ይጠይቅ ነበር።

የአያቴ ውጅግራም የዚያ ዘመን ልጅ ነው። «ውጅግራ» የተባለው ከፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ» ሲሆን፣ ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 ያወጡት የ11 ሚሊ ሜትር ጠብመንጃ ነው። አያቴ በሣጥን ያስቀመጡትን አንድ ባዶ ቀለህ በትምህርት ቤት ማስመሪያ ብለካው ርዝመቱ 59 ሚሊ ሜትር ሆነ። የግብጾቹም ሬሚንግተን በ11 ሚሊ ሜትር ስም ይጠራል፤ የእሱ ቀለህ ግን ርዝመቱ 50 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ «ሁለቱም አሥራ አንድ ናቸው» ብሎ የአንዱን ጥይት ለሌላው የሚገዛ ሰው ይሳሳታል። የአፈሙዙ ስፋት ብቻ ልክ አይደለም፤ የቀለሁ ርዝመት፣ የግርጌው ስፋት፣ የባሩዱም ኀይል ሁሉ አንድ ላይ ልክ ነው። እንዲህ ባለ ነገር የሚሳሳት ሰው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ዓይኑን ወይም እጁን ሊያጣ ይችላል።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የተሰለፈው የኢትዮጵያ ጦር ከልዩ ልዩ አገር የመጣ ጠብመንጃ ይዞ ነበር፤ ውጅግራ፣ ሬሚንግተን፣ ሰናድርና ሌላም ነበረበት። ሁሉም በአንድነት ተዋግቶ ድል አደረገ፤ ለእያንዳንዱ ግን የየራሱን ጥይት በአጋሰስና በሰው ትከሻ ከሸዋ እስከ ትግራይ ማድረስ ምን ያህል ድካም እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም። የሚገርመው፣ ከድሉ አንድ ወር ገደማ በኋላ በአቴና ከተማ የመጀመሪያው የዘመናችን ኦሊምፒክ ሲከፈት፣ ከውድድሮቹ አንዱ በ200 ሜትር ላይ በጦር ጠብመንጃ ኢላማ መምታት ነበር። ባንድ ጸደይ ወራት አንዱ ሕዝብ ጠብመንጃን ለነጻነቱ ሲያነሣ፣ ሌላው ለጨዋታ ያነሣው ነበር ማለት ነው።

ጥይት በአገራችን ምን ያህል ክቡር እንደ ነበረ የሚያሳይ ሌላም ነገር አለ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመንና ከዚያም በኋላ ጥይት እንደ አሞሌ ጨው ሁሉ በገበያ የብር መልስ ሆኖ ያገለግል ነበር። ሰው የሚተኩሰውን ጥይት እንደ ገንዘብ መቍጠሩ የሚያስቅ አይደለም፤ በእርግጥም ገንዘብ ነበርና። የተተኰሰው ቀለህም አይጣልም፤ እንደ ገና ባሩድና እርሳስ ይሞላበታል። ይሁን እንጂ በእጅ የተሞላ ጥይት አንዱ ይደክማል፤ ሌላው ይበረታል፤ ስለዚህ ሁለት ጊዜ ተኩሶ አንድ ቦታ መምታት ያስቸግራል።

እዚህ ላይ በፊዚክስ የተማርነውን ማንሣት ይጠቅማል። የውጅግራ አረር 25 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከአፈሙዝ ሲወጣ በሰኮንድ 450 ሜትር ገደማ ይጓዛል። በ1886 እ.ኤ.አ. የወጣውና ጭስ አልባ ባሩድ የሚጐርሰው ለበል፣ በእኛ አጠራር ለበን፣ የ8 ሚሊ ሜትር ጥይቱ 15 ግራም ያህል ሆኖ በሰኮንድ ከ600 ሜትር በላይ ይሄዳል። ሁለቱም 200 ሜትር ርቆ ወዳለ ኢላማ በቀጥታ ቢተኰሱ፣ የውጅግራው በመንገድ ላይ ግማሽ ሰኮንድ ያህል ስለሚቈይ ከአንድ ሜትር በላይ ይወድቃል፤ የለበኑ ግን 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይወድቃል። ማነጣጠሪያ ከፍ ዝቅ የሚደረገው በዚህ ምክንያት ነው። ጥይቱን የለወጠ ሰው ማነጣጠሪያውን ካልለወጠ ይስታል።

አሁን ወደ አደኑ እንመለስ። የጠብመንጃ መብዛት ለአገር መከላከያ ቢሆንም፣ ለአራዊታችን ግን ታላቅ ጥፋት ነበር። ጠብመንጃው ከሚገዛበት ዋጋ አንዱ የዝሆን ጥርስ ነበር፤ ዝሆኑም በዚያው ጠብመንጃ አለቀ። ዝሆን፣ ጎሽ ወይም አንበሳ የገደለ ሰው በፉከራና በሽልማት ስለሚከበር ገዳዩ በረከተ። ዳግማዊ ምኒልክ ይህን ተመልክተው እ.ኤ.አ. በ1909 አደንን የሚወስን ደንብ አወጡ። በ1936 ዓ.ም. ደግሞ የአራዊት ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 61 ታወጀ። ዛሬም አደን የሚፈቀደው በሕግ መሠረት በፈቃድ፣ በተወሰነ ስፍራና ለተወሰነ አውሬ ነው። የጦር መሣሪያም መያዝ በአዋጅ ቍጥር 1177/2012 ፈቃድና ምዝገባ ይጠይቃል።

በሕግ የሚያድን ሰው መሣሪያውን እንዴት ይምረጥ? ዐዋቂ አዳኞች መጀመሪያ አውሬውን፣ ቀጥሎ ጥይቱን፣ በመጨረሻ ጠብመንጃውን ምረጥ ይላሉ። ለድኩላና ለመሳሰለው የ6 ወይም የ7 ሚሊ ሜትር ጥይት ይበቃል። ለጎሽና ለመሰለው አደገኛ አውሬ ግን ብዙ የአፍሪቃ አገሮች ከ9.5 ሚሊ ሜትር በታች አይፈቅዱም፤ ለዚህም የታወቀው እንግሊዞች በ1912 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሦስት መቶ ሰባ አምስት የሚባለው ጥይት ነው። አረሩ 19 ግራም ያህል ይመዝናል። አንድ የሚያስገርም ልዩነት ልጨምር። ሰውነት ውስጥ ሲገባ የሚሰፋ አረር እ.ኤ.አ. በ1899 በሄግ ስምምነት በጦርነት እንዳይሠራበት ተከልክሏል፤ ለአደን ግን የሚመረጠው እሱ ነው። ምክንያቱም የጦር ጥይት አውሬውን ወግቶ ያልፍና አቍስሎ ወደ ጫካ ይሰደዋል፤ የቈሰለ አውሬ ደግሞ ተሠቃይቶ ይሞታል፤ ወይም መንገደኛ ይጎዳል። አንድ ጊዜ ተኩሶ መግደል የማይችል አለመተኰስ ይሻለዋል።

መነጽርም እንደዚሁ ነው። ብዙ ወጣቶች መነጽር ሩቁን ባቀረበ ቍጥር የሚሻል ይመስላቸዋል። እንደ ይፋት ቆላ ባለ የግራር ቍጥቋጦ ውስጥ ግን አውሬው የሚታየው ከመቶ ሜትር ባነሰ ርቀት ነው፤ በዚህ ጊዜ እጅግ የሚያቀርብ መነጽር ቅጠል ብቻ ያሳያል። ሁለት ወይም አራት ጊዜ የሚያቀርብ፣ ሰፊ ሜዳ የሚያሳይ መነጽር ይበቃል። ለኢላማ ተኩስ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በኦሊምፒክ የ50 ሜትር ውድድር የሚተኰሰው 5.6 ሚሊ ሜትር በሆነ ትንሽ ጥይት ሲሆን፣ መነጽር እንኳ አይፈቀድም፤ ተወዳዳሪው በቀዳዳ ማነጣጠሪያ ብቻ ይመታል። የዚያች ትንሽ ጥይት ዋጋዋ ርካሽ ስለ ሆነ፣ ሰደፏም ትከሻ ስለማይመታ ለተማሪ ትስማማለች፤ ነገር ግን ትንሽ ናት ተብላ አትናቅም፤ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ትሄዳለች። መነጽርም ሆነ ማነጣጠሪያ የሚስተካከለው ለአንድ ዓይነት ጥይት ነው። ሌላ ጥይት ሲጐርስ እንደ ገና መስተካከል አለበት።

የምን ይጐርሳል ጥያቄ ለአገር ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ የታየው በ1928 ዓ.ም. ጦርነት ነው። ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት፣ በ1927 ዓ.ም. ክረምት፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከሉ። ኢጣልያ ግን ጠብመንጃዋንም ጥይቷንም ራሷ ትሠራለች፤ ስለዚህ ክልከላው የወደቀው በእኛ ላይ ብቻ ነው። የጦራችን ጠብመንጃም ዓይነቱ ብዙ ስለ ነበረ፣ ያንዱ ጥይት ቢተርፍ ለሌላው አይሆንም ነበር። ከዚያም በኋላ በእነራስ አበበ አረጋይ መሪነት በሸዋ የታገሉት አርበኞች ጥይት የሚያገኙት ከጠላት ማርከው ነበር። ጥይት በጠፋበት ጊዜ ብዙ ዓይነት ጠብመንጃ ያለው ሰው አይጠቀምም፤ የጠላቱን ጥይት የሚጐርስ ጠብመንጃ ያለው ግን ይጠቀማል። በዚህ ምክንያት የተማረከ የኢጣልያ ጠብመንጃ ከአሮጌው ውጅግራ ይልቅ ተፈላጊ ሆነ። የአያቴም አባት ውጅግራ ምሰሶ ላይ የተሰቀለው በዚያን ጊዜ ነው ይላሉ፤ ስለ ደከመ ሳይሆን የሚጐርሰው ስላጣ።

ውድ ጓደኞቼ፤ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በአጣዬና በሸዋ ሮቢት የደረሰውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ከመካከላችን ቤቱ የተቃጠለበትና ዘመድ የሞተበት አለ። ስለዚህ በእኛ አገር ስለ ጠብመንጃ መጻፍ ቀላል ነገር አይደለም። መሣሪያን መውደድ ከአባቶቻችን የወረስነው ነው፤ ነገር ግን አባቶቻችን መሣሪያን የሚያከብሩት እያንዳንዷን ጥይት ቈጥረው፣ የምትወድቅበትን አስበው ነበር። ጥይት ብር በነበረበት ዘመን በከንቱ የሚተኩስ ሰው እንደ ሞኝ ይታይ ነበር። ዛሬ ግን ለሠርግም ለልቅሶም ወደ ሰማይ የሚተኩስ ሰው አለ፤ ወደ ላይ የወጣች ጥይት ሁሉ ወደ ታች እንደምትመለስ የረሳ ይመስላል።

ይህን ጽሑፍ ጨርሼ ለአያቴ ባነብላቸው ብዙ ጊዜ ዝም አሉና «ደኅና ጽፈሃል፤ አንድ ግን ቀርቶሃል» አሉኝ። «ምን ይጐርሳል ከማለትህ በፊት፣ ለምን ይጐርሳል ብለህ ጠይቅ።» ከዚያም ያችን ባዶ ቀለህ ከሣጥን አውጥተው ሰጡኝ። እኔም ለበዓሉ በሚዘጋጀው የታሪክ ኤግዚቢሽን ላይ ከስሟና ከልኳ ጋር አስቀምጣታለሁ፤ መጥታችሁ እንድታዩአት በአክብሮት እጋብዛለሁ።